በዕድላዊት ስልክ የመጣው ውጤት

አሁን ወጥተዋል። አሁን እትዬ የወይንሐረግ ነጠላቸውን ተከናንበው የቆርቆሮ በራቸውን ከኋላቸው እየሳቡ ነው፣ አሁን ከቦኖው ፊት ያለውን፣ በበጋ እንኳ የማይደርቀውን ኩሬ በድንጋዮቹ ላይ እየረገጡ ያልፋሉ፣ አሁን ወደ ቀኝ ታጠፉ፤ ዕድላዊት ዓይኗን ጨፍና በየእርምጃው ትከተላቸዋለች። እሷ ያለችው ግን አማን ነው፣ ዮርዳኖስ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ ባለች ክፍል፤ ራስጌዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ግርጌዋ የምታስታምማት አሮጊት የማማ ኑሃ የዳይፐር ካርቶን። አሮጊቷን ስትጠብቅ ስለምታድር ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ትተኛለች። ዛሬ ግን እንቅልፍ የት አለ። የአማንና የቡራዩ ሰዓት አንድ ነው፤ ከመጣች ጀምሮ ይህ ያጽናናት ነበር፣ እማዬም አሁን ተነሣች፣ እማዬም አሁን ፊቷን ታጠበች እያለች። ዛሬ ሰዓቱ አንድ መሆኑ ራሱ እያንዳንዷን እርምጃ ያስቆጥራታል።

የላከቻቸው እሷ ናት። ትናንት ለጎረቤታቸው ለእትዬ የወይንሐረግ የድምፅ መልእክት ቀዳች፣ እያለቀሰች፣ ማሽኑን አስነሥታ ድምፅዋ እንዳይሰማ። "እትዬ የወይን፣ ለእማዬ መነገር ያለበት ነገር አለ። እኔ አልቻልኩም፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እባክዎን ወደ ሥራ ሳትወጣ ይድረሱባትና ጤና ጣቢያ ይውሰዱልኝ፣ ሲስተር ሐኒ የምትባል ነርስ አለች፣ የቀረውን እሷ ታስረዳታለች። ብቻ በቀስታ ይንገሯት።" እሳቸውም መለሱ፦ "ገባኝ ልጄ። እኛ እናውቅበታለን። አንቺ ብቻ አይዞሽ።" እኛ አሉ። ማንና ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ሸክሙ ከላይዋ የወረደ መስሏት ነበር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል።

ነገሩ የመጣው በስልክ ቁጥሯ ነው። ባለፈው መስከረም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸውን የሰፈሩን ሴቶች ለምርመራ ስትጠራ እናቷ ፀሐይም ሄደች። ፀሐይ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሰበታ አበባ እርሻ ውስጥ ስምንት ዓመት ጽጌረዳ ስትቆርጥ ኖራ አሁን ቡራዩ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ትሠራለች። "እስክሪብቶ የምታክል ብሩሽ ሰጥተው መጋረጃ ውስጥ አስገቡን፣ ናሙናውን ራሳችሁ ውሰዱ አሉን" ብላ በስልክ እየሳቀች ነገረቻት፤ "ጎረቤታችን ድንቅቱማ በየት በኩል ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!" ዕድላዊት አብራት ሳቀች፣ ጆሮዋ ግን ጋለ። እሷና እናቷ እንዲህ ያለ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። የወር አበባዋ የመጣ ጊዜ እንኳ እናቷ ጨርቁን ትራሷ ሥር አስቀምጣ ወጣች እንጂ አንዲት ቃል አልተናገረችም። "ውጤቱን በስልክ ነው የምናሳውቀው ሲሉኝ ያንቺን ቁጥር ሰጠኋቸው። ሌላ ቁጥር የት አውቃለሁ?" እውነት ነው። ቤት ያለው ስልክ የሟች አባቷ ነው፣ ሲሙ በቅርብ የተቀየረ፤ እናቷ በቃሏ የምትይዘው የዕድላዊትን የድሮ ቁጥር ብቻ ነው፣ ኤርፖርት ከመግባቷ በፊት አሥር ጊዜ ያስጠናቻትን። ቁጥሩ እዚህ አይጠራም። ቴሌግራሙ ግን ይሠራል።

ጥቅምት ላይ መጣ። የማማ ኑሃን ሾርባ እያማሰለች ነበር፣ ስልኩ ብልጭ አለ፣ የስልኩ ፊት ላይ የታየው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ "ሰላም ወ/ሮ ፀሐይ፣ ሲስተር ሐኒ ነኝ ከጤና ጣቢያ። የማህፀን በር ካንሰር…" ከዚያ ነጥቦች። ሾርባው ገነፈለ። ብትከፍተው ሲስተር ሐኒ ዘንድ ሁለት ምልክት ይታያል፣ አንብባዋለች ማለት ነው፣ አውቃለች ማለት ነው። ካልከፈተችው ግን ማንም ዐወቀች አይላትም። አልከፈተችውም። በማግስቱም አልከፈተችውም፣ በሳምንቱም፤ የሲስተር ሐኒ ስም እየወረደ፣ እየወረደ፣ በሌሎች መልእክቶች ተሸፈነ። እናቷ ትደውላለች፣ "እነዚያ ሰዎች ደወሉ እንዴ?" ትላለች። "አልደወሉም እማ።" ውሸት አይደለም እኮ፣ ጻፉ እንጂ አልደወሉም፤ እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ትከራከራለች። "እንግዲያው ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ተመስገን" ትላለች እናቷ። ይህን ሦስት ጊዜ ጠይቃታለች፣ ሦስት ጊዜ አልደወሉም ብላታለች፣ አሁን መጋቢት ነው። አምስት ወር። አምስት ወር በእናቷ ሆድ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደከረመ ማን ያውቃል።

መናገር ያቃታት ስለ ሞት ብቻ አይደለም። እዚህ ዩቲዩብ ላይ አንድ ሐኪም ሲናገር ሰምታ ነበር፣ ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ የሚተላለፈው በግንኙነት ነው ሲል፤ ወዲያው ዘጋችው። አባቷ ተክሉ ከሱሉልታ ድንጋይ የሚያመላልስ የሲኖትራክ ሹፌር ነበር። መኪናው ተበላሸብኝ ብሎ ሱሉልታ ያደረባቸው ቀናት ነበሩ፤ እናቷ ምሳ ዕቃውን ተቀብላ ታጥባለች። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን እንዲህ ያለ ነገር አለብሽ ብሎ መንገር እሱን ከመቃብር አውጥቶ እናቷ ፊት ማቆም መሰላት። ለእናቷም አዘነች፣ ለእሱም አዘነች። ደግሞ ለራሷ ፈራች፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለች የመከላከያው ክትባት ትምህርት ቤት መጥቶ ነበር፣ አሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ሴት ልጆች፣ መሃን ያደርጋል ተብሎ ሰፈሩ ተተራመሰ፣ እናቷ ያን ቀን "ገፈርሳ አክስትሽ ጋ ሂጂ" አለቻት። ሄደች። ቀኑን ሙሉ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጣ ውኃውን ስታይ ዋለች፣ ከመርፌ ማምለጧ አስደስቷት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እግሮቿን አጥፋ ሆዷን ትይዛለች።

ዝምታዋን የሰበረችው ሪም ናት፣ ሳታውቀው። ሪም የማማ ኑሃ ልጅ ናት፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ባለፈው ሐሙስ ኮምፒውተሯን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነበር፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሥዕል፣ እንደ ተፈጨ በርበሬ ነጠብጣብ፣ አንዱ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቀለም የፈሰሰበት። ዕድላዊት ሻይ አስቀምጣ መመለስ አቃታት። በተሰባበረ አረብኛዋ ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

"የአንዲት ሴት የማህፀን በር ቁራጭ ነው" አለች ሪም። "ቡናማውን ታያለሽ? ሴሉ ቫይረሱ ሲገባበት ጤነኛ ሴል የማያበዛውን ነገር ያበዛል። ማቅለሚያችን ያንን ፈልጎ ይይዛል፣ ያኔ ቡናማ ይሆናል።"

"ትሞታለች?"

"ማን? እሷ?" ሪም ሳቀች። "ለምን ትሞታለች? ይህ እኮ ካንሰር አይደለም ሐቢብቲ፣ ከካንሰር በፊት ያለው ነው። ምንም አያማትም፣ ገበያ ትሄዳለች፣ ትስቃለች። ያቺን ቁራጭ ያነሡላታል፣ ያበቃል።"

"ካላነሡላትስ?"

"አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። አንዳንዱ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ተቀምጦ ካንሰር ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ቁጭ ብሎ መገመት አይቻልም። ለዚህ እኮ ነው የምንፈልገው። የታመመ ሰው አለሽ? አንቺ ነሽ?"

"ማንም የለም" አለች ዕድላዊት። ማንም የለም። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ መልእክቱን ከፈተችው፦ "…የማህፀን በር ካንሰር አልተገኘብዎትም፣ አይደንግጡ። ነገር ግን ቫይረሱ ስላለ ለውጥ መኖር አለመኖሩን በዓይን ማየት አለብን። ማከም ካስፈለገ እዚሁ ይታከማል። በአንድ ወር ውስጥ ይምጡ።" በአንድ ወር ውስጥ። ከሥሩ ሌላ አለ፣ ኅዳር ላይ የተጻፈ፦ "ወ/ሮ ፀሐይ እየጠበቅንዎት ነው።" ከዚያም ሌላ፣ ጥር ላይ። ሦስተኛው ሰላምታ እንኳ የለውም፣ "እባክዎ ይምጡ" ብቻ ይላል። መሬቱ ላይ ተቀመጠች፣ እርጥብ ነበር፣ አልተነሣችም። ከሐሙስ እስከ ትናንት በየቀኑ ለእናቷ ደወለች፣ በየቀኑ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ታናሽ እህቷ ስለ ማርቲ ፈተና አወሩ፣ ውጤቱን ግን ሳታነሣ ትዘጋዋለች። በመጨረሻ ነው እትዬ የወይንሐረግን የለመነችው።

በቀስታ ይንገሯት ብላ።

በቀስታ። ዕድላዊት አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ይህን ቃል ከየት አመጣችው? ሦስት ዓመት ወደ ኋላ፣ አባቷ የሞተ ዕለት፣ እንደዛሬው ማለዳ፣ እናቷ ገና እሳት ሳታያይዝ በር ተንኳኳ፤ እትዬ የወይንሐረግ ከፊት፣ ሌሎች ሴቶች ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላ የተከናነቡ፣ አንዳቸውም ደህና አደርሽ የማይሉ፤ ከኋላ አንዷ "በቀስታ፣ በቀስታ ንገሯት" ስትል ዕድላዊት በጆሮዋ ሰምታለች። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ ብዙ ሆኖ። እኛ እናውቅበታለን አሉ። እኛ። እና አሁን በሩን ስትከፍት እናቷ ምን ታያለች? ባል የላትም ባል ሞተ አይሏት፣ ማርቲ ጎኗ ተኝታለች። የቀረው በሰው አገር ያለው ሰው ነው። የቀረችው እኔ ነኝ። አምላኬ፣ እናቴ የሞትኩ ይመስላታል።

ስልኩን አንሥታ ደወለች፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሣም። እንደገና። አሁን በሩ ላይ ናቸው፣ አሁን መቀርቀሪያው ተነሣ። እንደገና። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሃያ ይላል፣ ማሽኑ ራስጌዋ ዝም ብሏል፣ እንደገና ትደውላለች፣ በስድስተኛው ተነሣ፣ መጀመሪያ የመጣው ጩኸት ነው፤ የብዙ ሴት ጩኸት፣ ከመካከሉ የእናቷ ድምፅ "ልጄን! ዕድሌን! እኔን ባስቀደመኝ!" ሲል። ዕድላዊት የራሷን መርዶ ሰማች።

"ማን ነው?" ታናሽ እህቷ ማርቲ ናት፣ እያለቀሰች።

"እኔ ነኝ! ማርቲ፣ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም!"

ማርቲ ከስልኩ ዞር ብላ ጮኸች፦ "እማ! እማ! እያወራች ነው! ዕድልዬ እያወራች ነው!"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል ሰማችው። ከዚያ የእናቷ ትንፋሽ መጣ፣ የሮጠ ሰው ትንፋሽ።

"ማነሽ?"

"እማ፣ እኔ ነኝ።"

"ማነሽ አንቺ? የልጄን ስልክ ማን ሰጠሽ?"

"እማዬ፣ ዕድላዊት ነኝ።"

"ፊትሽን አሳዪኝ።"

ካሜራውን አበራች። በተሰነጠቀው መስታወት በኩል እናቷ ታየች፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። ፊቷን አይታ አልጠገበችም፣ አላመነችም። "ግራ እጅሽን።" ዕድላዊት ግራ እጇን አወጣች፣ በልጅነቷ ቡታጋዝ የላሰውን። እናቷ ጠባሳውን አየች፣ ከዚያ ከስልኩ ጠፋች፣ ሰማይ ብቻ ታየ፣ የቆርቆሮ ጠርዝና ሰማይ።

"ወድቃ ነው፣ ምንም አልሆነችም፣ ውኃ አምጡ!" አሉ እትዬ የወይንሐረግ። "ደህና አደርሽ እንኳ አላልናትም እኮ! ገና በሩን ከፍታ ሦስታችንን ስታይ ጮኸች።"

"ነጠላ አንልበስ ብያችሁ ነበር" አለች ሃዋ፣ ቀጥሎ ካለው ግቢ የምትኖረው። "በሰላም ቀን እንዲህ ተሰልፎ ማን ሰው ቤት ይመጣል?"

"ብርድ ነው፣ ምን ልልበስ ታዲያ፣ ጃኬት?" አለች ድንቅቱ፤ ከዚያ ስልኩን አንሥታ ጥርሷን ሁሉ አሳየቻት። "ዋቃዮ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወፍረሻል!"

"ኦቦ ጂሬኛን መልሷቸው!" ብሎ ጮኸ አንድ ሰው ከደጅ። "የእድሩን ድንኳን ሊያስወጡ ሄደዋል!"

ከበሩ ውጪ ሳቅ ተነሣ፣ የሚያለቅሱትም ሳቁ። እናቷ ግን አልሳቀችም። ውኃውን ጠጥታ፣ አፏን በመዳፏ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለች። "እና ለምንድን ነው የመጣችሁት?"

እትዬ የወይንሐረግ ዕድላዊትን በስልኩ ውስጥ ትክ ብለው አዩዋት። "እኔ እንጃ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂልኝ አለችኝ እንጂ ምንነቱን አልነገረችኝም። አንቺው ንገሪያት።"

እና ነገረቻት። እንዴት እንደነገረቻት አታውቅም፣ ማህፀን የሚለውን ቃል በእናቷ ፊት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፤ ውጤቱ ጥቅምት ላይ እንደመጣ፣ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ግን ከካንሰር በፊት የሚመጣው ሊሆን እንደሚችል፣ በአንድ ወር ውስጥ ይምጡ እንዳለ፣ እሷ አልደወሉም እንዳለቻት። ሦስቱንም ጊዜ።

እናቷ ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች።

"አምስት ወር?"

"አምስት ወር፣ እማ።"

"እኔ ደህና ነኝ ብዬ ተመስገን ስል አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አንቺ ልጅ!" አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ተቆጥቶ ተነሥቶ መሃል ላይ ተሰበረ። "አንቺ ልጅ…" ጫማዬን አምጡ አለች ከዚያ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ግማሹ ጤና ጣቢያ ተከተላት። ዕድላዊት በመስመሩ ላይ ሆና ባጃጁን ሰማች፣ የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ ሰማች፣ የኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ሲሳብ ሰማች። ሪም በሩን ከፍታ አየቻት፣ ፊቷን አይታ በሩን መለሰችው። እናቷ መጋረጃ ውስጥ ገባች። ስልኩን እትዬ የወይንሐረግ ያዙት፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት መሰል፣ የሚታየው ጣሪያ ነው። ሃዋና ድንቅቱ ስለ ኦቦ ጂሬኛ ድንኳን ይስቃሉ፣ ዕድላዊት እንዲስቁም አትፈልግም፣ ዝም እንዲሉም አትፈልግም። ምንድን ነው የዘገየችው። አሁን ይቀቡታል፣ ያን የዘጋችውን ቪዲዮ ከሐሙስ ወዲህ ጨርሳ አይታዋለች፣ ሐኪሙ ኮምጣጤ ብሎ ነበር፣ ጤነኛው ቦታ አይለወጥም፣ የታመመው ነጭ ይሆናል፤ አይንጣ፣ እባክህ አይንጣ፣ ቢነጣም ትንሽ ይሁን። ክትባት ሸሽታ የተቀመጠችበት የገፈርሳ ውኃ ፊቷ ላይ መጣ፣ ጸጥ ያለ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ የማይታይ። ማርቲስ? ማርቲ አሥራ ሦስት ሆናለች።

"ማርቲ፣ ትምህርት ቤት ክትባት ሲመጣ አትሸሺ፣ እሺ?"

"እኔ ተወግቻለሁ" አለች ማርቲ ከጣሪያው ሥር። "አምና ነው፣ አሁን ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ነው የሚሰጡት። ለእማ አልነገርኳትም እንጂ።"

"ይቺ ቤት ሁሉም የሚደብቀው አለው" አሉ እትዬ የወይንሐረግ።

መጋረጃው ተሳበ። የሴት ጫማ ኮቴ፣ ከዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ ሲስተር ሐኒ መሆኗ ነው። "ነጭ ወጥቷል" አለች። "ትንሽ ነው፣ ዳሩም በደንብ ይታያል። በሙቀት አክመነዋል፣ አልቋል። ፈሳሽ ይኖራል፣ አይደንግጡ፤ አንድ ወር ጥንቃቄ ነው።"

"ሲስተር" አለች እናቷ፣ ዝቅ ብላ፣ ግን ዕድላዊት ሰማቻት። "ይኼ ነገር ከማን… ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።"

"ከማን እንደመጣ ምርመራው አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቅም። ሃያ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። አብዛኛው ሰው አንድ ቀን ያገኘዋል።"

እናቷ "እህ" አለች ብቻ። የዕድላዊት ዓይን ሞላ፤ ለአባቷ ነው፣ ለእናቷም።

"ሊመለስ ይችላል?"

"ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ነው በዓመቱ የምናይዎት። እናንተስ?" ሲስተር ሐኒ ወደ ሴቶቹ ዞረች መሰል፣ አግዳሚው ተንቋቋ። "መስከረም ላይ ያልመጣችሁ አላችሁ?"

"ሃዋ ናት!" አለች ድንቅቱ። "ብሩሹን አትፍሪው፣ እኔ አሳይሻለሁ።"

"አንቺማ በየት በኩል ብለሽ አገር ያስቅሽ!"

ሲስተር ሐኒ ወረቀት ገለጠች። "ለቀጠሮው ስልክ ቁጥር ይስጡኝ።" እናቷ ቆማ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራችላት፣ ኤርፖርት በር ላይ እንዳጠናችው፣ ሳትሳሳት።

"ወይዘሮ ፀሐይ፣ ይኼ እኮ ያው ያ ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌበታለሁ፣ የሚያነበው የለም።"

"አለ" አለች እናቷ። "ልጄ ናት። በሱ ላኪልኝ፣ እሷ ትነግረኛለች።"

መስመሩ ተቋረጠ። ዕድላዊት ስልኩን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የማማ ኑሃ ሳል ከወዲያ ይሰማል። ስልኩ እጇ ውስጥ ብልጭ አለ። "ሰላም ወ/ሮ ፀሐይ፣ ሲስተር ሐኒ ነኝ። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ…" ከዚያ ነጥቦች። ልቧ ያን ጊዜ እንደመታው መታ፣ ምንም አልቀነሰም። ጣቷን አስቀመጠች፣ ከፈተችው፣ እስከ መጨረሻው አነበበችና ለእናቷ ደወለች።